በጠላ ቤት ደጅ የቆመ ዘብ

በእኛ ከተማ አንድ ሰው መካሪ በዝቶበት አጋዥ ሲያጣ፣ ሽማግሌዎች አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። አባባሏ ከጠላ ቤት የወጣች ናት፤ ያውም ጠላ ባልጠጣ ሰው ምክንያት። እኔ የሰማኋት ከአሥር አለቃ እንግዳሸት ከራሳቸው ነው። እሳቸው ሲያወሩ አይቸኩሉም፤ ጉልበታቸውን እያሹ ነው የሚናገሩት። ጉልበታቸውም በታሪኩ ውስጥ አለበት።

ከጦር ግንባር የተመለሱ ጥቂት ወታደሮች ከከተማችን ዳር፣ ከወንዙ ማዶ ይኖሩ ነበር። በጠላ ሻጯ በእትዬ ትርንጎ ደጅ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ከታየ ጠላው ደርሷል ማለት ነውና፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ ይሰበሰባሉ። አንድ ወግ ነበራቸው። ጠላው ሲቀዳ መጀመሪያ መሬት ላይ ጠብ ያደርጋሉ፣ ጦር ሜዳ የቀረ የአንድ ጓድ ስም ይጠራሉ፣ ከዚያ ዋንጫውን ይጨልጣሉ። ለአንድ ስም አንድ ዋንጫ ነው። ለሌላው ይህ ቀላል ነበር። ሃምሳ አለቃ ዘርጋው ግን የሞርታር ምድብ አለቃ ነበሩ፤ ከምድባቸው የተረፉትም እሳቸው ብቻ ናቸው። ስሙም ብዙ፣ ዋንጫውም ብዙ። ቀንስ ሲሏቸው፣

«ማንን ልዝለል?» ይላሉ። «ዝለለኝ ያለኝ የለም።»

እንዲህ ሲሉ ሲሉ ሆዳቸው አበጠ፣ ዓይናቸው ብጫ ሆነ። ሐኪሙም እውነቱን ነገራቸው፤ «ጉበትዎ ደክሟል፤ ከእንግዲህ ከጠጡ ለፋሲካ አይደርሱም።» ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩአየር አልቅሰው መምሬ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄዱ፣ «ይገዝቱልኝ» ብለው። መምሬ ግን፣ «ግዝቱን ቢያፈርስ ሥጋው ሳያንስ ነፍሱንም መጉዳት ነው፤ እኔ በጸሎት እይዘዋለሁ፣ እናንተ በእጅ ያዙት» አሉ።

በእጅ መያዙ አስቸገረ። እትዬ ትርንጎ፣ «እኔ በሰው ነፍስ አልጠየቅም» ብለው ሃምሳ አለቃ ብቅ ሲሉ በሩን ይዘጉ ጀመር። አንድ ቀን በሩ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ውስጥ ሆኖ እትዬ ትርንጎን ሲያመሰግን፣ ከጓዳ ሳል ተሰማ። ገብተው ቢያዩ ሃምሳ አለቃ በጓሮ አጥር ዘልለው ከጋኑ አጠገብ ቁጭ ብለዋል።

«በፊት ለፊት ከተዘጋ በጎን ነዋ! ወታደር አይደለሁም እንዴ?» አሉ፣ አፋቸውን እየጠረጉ።

ያን ጊዜ የሁሉም ታላቅ ሻለቃ ባሻ አድማሱ፣ «በሩን ተዉት፣ ይከፈት» አሉ። «ዘብ እናቁም፤ በየተራ።»

ሁሉም ሳቀ።

«ዘብ ደግሞ በተራው አይጠጣም። ሕጉን ታውቃላችሁ።»

ሳቁ ቆመ። ቢሆንም እሺ አሉ።

ለጊዜው ነገሩ ጨዋታ መሰለ። ሃምሳ አለቃ ይመጣሉ፤ ተረኛው፣ «ቁም! ማነህ?» ይላል። «ዘርጋው!» «የይለፍ ቃል?» «ጠላ!» «አያሳልፍም፣ ወደ ኋላ ዙር!» ይሳሳቁና ይመለሳሉ። የቆመ ዘብ ጥሶ ማለፍ ለወታደር ነውር ነው።

ነሐሴ ላይ ግን ያ ቀን መጣ፤ ምድባቸው ያለቀበት ቀን። ዝናቡ ይወርዳል። ተረኛው አሥር አለቃ እንግዳሸት ናቸው፤ ጉልበታቸው ውስጥ እስከ ዛሬ የቦምብ ፍንጣሪ አለ።

«ቁም!»

ሃምሳ አለቃ አልቆሙም። «ዛሬ ቀልድ የለም፣ እንግዳሸት። ቀኑን ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው አሳልፈኝ። አሥር አለቃ ሃምሳ አለቃን ያግዳል እንዴ?»

«ዘብ ጄኔራልም ያግዳል። ግን በዚህ ጉልበቴ ልይዝህ አልችልም። ከገባህ ግባ። እኔ እስክትወጣ ከዚህ አልነቃነቅም።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ዝናቡን እኔ አላመጣሁት።»

ሃምሳ አለቃ አንድ እግራቸውን ከውስጥ አደረጉ። የጌሾው ሽታ ተቀበላቸው። ዞር ሲሉ እንግዳሸት ዱላቸውን እንደ ጠመንጃ ይዘው ቀጥ ብለዋል፤ ውሃው ከቆባቸው ወደ አንገታቸው ይወርዳል፣ ያ ጉልበት ይብረከረካል።

«አንተ ሞኝ፣ ተቀመጥ እንጂ!»

«ዘብ አይቀመጥም።»

ሃምሳ አለቃ እግራቸውን መለሱ። ካፖርታቸውን አውልቀው ሁለቱም ላይ ዘረጉት።

«ስማቸውን ሳልጠራ ማደር አልችልም» አሉ። «ያለ ዋንጫ ደግሞ እንዴት ይጠራል?»

«ጦሩ ውስጥ ጧት ጧት ስም ስትጠራ ዋንጫ ይዘህ ነበር?»

ሃምሳ አለቃ የካፖርቱን ጫፍ ወደ እንግዳሸት ሳብ አደረጉ።

«በል ጥራ። እኔ አቤት እላለሁ።»

ሃምሳ አለቃ እንደ ጦር ሜዳው ቀጥ አሉ። «ወታደር አምባዬ!»

«አቤት!»

«ወታደር ቶሎሳ!»

«አቤት!»

«ምክትል አሥር አለቃ ሰይድ!»

እዚህ ላይ እንግዳሸት አንገታቸውን ደፉ። ከውስጥ ግን «አቤት!» የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ፤ ሻለቃ ባሻ አድማሱ ዋንጫቸውን አስቀምጠው ወደ ዝናቡ ወጡ። የቀሩትም ተከተሉ። ለሚጠራው ሁሉ አንዱ ወይም ሌላው አቤት እያለ፣ ማንም ሳይዘለል ተጠርቶ አለቀ። ውስጥ የተቀዳው ጠላ እንደተቀዳ ቀረ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሃምሳ አለቃ ለፋሲካ ደረሱ፤ ሌሊቱን በእግራቸው ቆመው አስቀደሱ። ከዚያም ወዲህ ጣሳው ሲሰቀል ይመጣሉ፣ ከደጅ ካለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዘቡ ተራው ቢያበቃም ጨዋታው ይጥመውና አብሯቸው ይቀራል። ውሎ አድሮ ከውስጥ ካለው ሰው ደጅ ያለው በለጠ። እትዬ ትርንጎ፣ «ጠላዬን አስኮመጠጣችሁት፣ እናንተ ከንቱዎች!» እያሉ ይራገማሉ፤ እየተራገሙም በሶ በጥብጠው ያወጡላቸዋል።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ዱቄት ልትበደር መጥታ ያን ሁሉ ሽማግሌ ደጅ ላይ ብታይ፣ «እትዬ፣ በር ቢዘጉባቸው በአጥር የዘለሉትን ሰውዬ፣ በሩ እንዲህ ተበርግዶ ሳለ ምን ያዛቸው?» አለቻቸው። እትዬ ትርንጎ በሶውን እያማሰሉ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ሃምሳ አለቃን የሚያስቁትን እንግዳሸትን በአገጫቸው አመለከቱና እንዲህ አሉ፤ «ከተዘጋ ደጅ፣ ደጅ የቆመ ወዳጅ።»