ከጎን የተያዘ መብራት

ልጁን የቀበረ አንድ ወጣት ወደ ቀድሞ መምህሩ ሄዶ፣ «ጋሼ፣ ሚስቴ ከቀብሩ ወዲህ አታናግረኝም። ትዳራችን ያበቃ መሰለኝ። ወደ እናቷ ቤት ብመልሳት አይሻልም?» ሲል ጠየቃቸው። መምህሩ እንዲህ አሉት፦

አንድ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ሰው ነበረ። ቀትር ላይ የሚያስረክበውን ንድፍ እየሠራ ሳለ የላፕቶፑ ስክሪን ድንገት ጨለመ። ጠዋቱን ሙሉ የሠራውን ሴቭ አላደረገውም ነበር።

ሰውየው የብርሃን መጨመሪያውን ተጫነ፤ ለውጥ የለም። ቻርጀሩን ነቅሎ መልሶ ሰካ፤ ያው ነው። ባልደረባው፣ «አንተ ሰው፣ አጥፍተህ አብራው እንጂ! የእኔ ቴሌቪዥን እንኳ በጥፊ ነው የሚነሳው» ብሎ ሳቀበት። ሰውየው ጣቱን ማጥፊያው ላይ አሳረፈ፤ ግን ለመጫን ፈራ። ብሳሳትስ? ጆሮውን ማሽኑን ወደሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ አስጠጋ። ማራገቢያው ይሽከረከራል። ማሽኑ አልሞተም ማለት ነው።

የስልኩን ባትሪ አበራ። ፊት ለፊት ሲያበራበት በጥቁሩ መስታወት ላይ የራሱን የደነገጠ ፊት ብቻ አየ። ተስፋ ሊቆርጥ ምንም አልቀረው። ከዚያ ስልኩን አዘንብሎ ከስክሪኑ ጎን አስጠጋው። እንደ ጥላ የደበዘዙ መስመሮች ታዩት፤ ግድግዳው፣ ደረጃው፣ መስኮቱ፣ ሁሉም አለ። የጠፋው ከስክሪኑ ኋላ ሆኖ የሚያበራው መብራት ብቻ ነበር። በዚያች ጭላንጭል እያየ ሥራውን ሴቭ አደረገ። አጥፍቶ ወደ ጥገና የወሰደው ከዚያ በኋላ ነው።

ወጣቱ፣ «ባልደረባውን ሰምቶ ቢያጠፋው ኖሮስ?» አለ።

«የጠዋቱ ሥራ ሁሉ ይቀር ነበር።» መምህሩ ወደ እሱ ዞሩ። «ሚስትህ የልጃችሁን ልብስ ምን አደረገችው?»

«በየቀኑ እያወጣች ታጣጥፈዋለች።»

«አየህ ልጄ፣ ማራገቢያው ይሽከረከራል። በውስጧ ያለው ሁሉ አለ፤ የጠፋው ለአንተ የሚያሳይህ መብራት ነው። ፊቷ ቆመህ ‹ለምን አታናግሪኝም?› ስትላት የምታየው የራስህን ፊት ነው። ወደ እናቷ መስደድህ ደግሞ ማጥፊያውን መጫን ነው። ዛሬ ቤት ስትገባ ጥያቄህን ተወው። ከጎኗ ተቀመጥና ልብሱን አብረሃት አጣጥፍ።»