ክንዱ ያንቺው፣ ዳቦው የኔው

፦ ተረት ተረት።
፦ የሸማ ጥለት።

በድሮ ዘመን እታፈራሁ የምትባል ሴት ነበረች። ጉንዳን ከቤቷ ፍርፋሪ ይዞ ቢወጣ ተከትላ የምታስመልስ ናት። ስስታም ሲሏት ታዲያ «ይሄ ጥበብ ነው» ትላለች።

ልጇ ደብሪቱ ልታገባ ሆነ። የሙሽራው እናት ደግሞ ባለ ጥበብ ቀሚስ ያልለበሰች ሙሽራ ደጄን አትረግጥም ብላለች። እታፈራሁም ጨርቁን ለመግዛት ወደ ጎንደር ተነሳች። ያን ጊዜ ጨርቅ የሚሸጠው በክንድ ነው፣ ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ። ገዢ የሚለካለትን ሰው ይዞ ይመጣል፤ ክንድ ያመጣ ግን ኋላ አጠረብኝ ብሎ አይከራከርም። እሷም የባሏን ወንድም ዘገየን አስከተለች። የዘገየ ክንድ እንደ ሞፈር ነው። ሀገሩ ሁሉ አብልቶ አጠጥቶ ይዋሰዋል።

እሷ ግን በምክር ብቻ ወሰደችው። በቅሎ አንከራይም፣ እግር አለህ። መጀመሪያ የጠራህ ነጋዴ ዘንድ አትግባ። ዋጋ ሲነግሩህ ሳቅና ሂድ። ምሳ ከተማ አይበላም፣ ውድ ነው። ከተማ ገቡና ራበኝ ሲላት ግንቡን አሳየችው።

፦ እሱን እያየህ ጥገብ። ማየት በነጻ ነው።

ዘገየም አንጋጦ አየ። አንገቱ ደከመ እንጂ ሆዱስ አልሞላም።

ከዚያም አንድ ነጋዴ ዘንድ ገባች። ነጭ ጨርቅ ነው፣ ጥበቡ ጫፉ ላይ። ስምንት ክንድ አለች፤ በዘገየ ክንድ ስምንቱ ጥበቡን አልፎ እንደሚሄድ በዓይኗ ለክታዋለች። ስትሄድ ስትመለስ፣ ስትረግም ስትመርቅ ዋጋውን ገደለችው። ነጋዴው ይሄኔ የዘገየ ሆድ ሲጮህ ሰማና ከምሳው ቆርሶ ዳቦ አስጨበጠው። እሷም በሰው ዳቦ ጠገበልኝ ብላ ደስ አላት። እናንተ ለኩ፣ እኔ ግንቡን ልይ፣ ሀገሬ ስገባ የማወራው ላግኝ ብላ ዞረች።

ዘገየ ዳቦውን ጭብጥ አድርጎ ለካ። ክንዱ ጣት አልባ ሆነ፣ ከክርን እስከ ጡጫ። ስምንተኛው ላይ ነጋዴው ቀደደውና ጥበቡ ወዲያ ቀረ።

እታፈራሁ ዞር ብትል ነጭ ብቻ። ምን አደረግኸኝ ብላ ጮኸች።

፦ ጣቴን ብዘረጋ እኮ ዳቦው ይወድቃል፣ እትዬ።

ነጋዴውም ጥበቡን እየጠቀለለ፦
፦ ምን ላድርግሽ እመቤቴ? ክንዱ ያንቺው፣ ዳቦው የኔው።

ሠርጉ ደረሰና ደብሪቱ በነጭ ወጣች። አማቷ የቀሚሷን ጫፍ አንስታ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው።

፦ ልጄ፣ ጥበቡስ?
፦ እናቴ ጥበብ ሞልቷታል ሲባል እሰማ ነበር። ለቀሚሴ አልተረፈም።

ሠርገኛው በሳቅ ፈረሰ። አማቲቱም ስቃ ሳትጨርስ የራሷን ባለ ጥበብ ነጠላ አከናነበቻትና ደጇን አስረገጠቻት። እታፈራሁ ግን እስክትሞት ድረስ «ጎንደርን አይቻለሁ፣ ያውም በነጻ» ስትል ኖረች።

ተረቴን መልሱ፣ ለእኔም ዳቦ ቁረሱ፤ ብትሰስቱብኝ ጣቴን ጨብጬ ነው የምለካላችሁ።