ቀለሙን እንዳትነኩ

«አንድ አሮጌ መኪና የነበረችው ሰው ነበረ» አሉ መምህር አጥላባቸው። ወረቀቱን ሳያነቡ በጠረጴዛው ላይ ወደ መጣበት ገፉት።

«መምህር፣ እኔ የመጣሁት ለፊርማ ነው።»

«ጥያቄም ጠይቀኸኛል። ገና በሩ ላይ ሳለህ። ‹ጎበዝ መምህር መርጬ እቀጥራለሁ፤ ዓመት ሳይሞላው ይደበዝዝብኛል፤ ሦስቱ እንዲህ ሆኑ፣ አራተኛዋ ጭራሽ ባሰች፤ ጥሩ ሰው ከየት ላምጣ?› አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው መልሱን ትሰማለህ። ቁጭ በል።»

አቶ ደርበው ቁጭ አለ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ነው። መምህር አጥላባቸው የቦርዱ ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት በሙያ ትምህርት ቤት የመኪና ኤሌክትሪክ አስተምረዋል። ደርበውንም አስተምረውታል። ወረቀቱ የስምንተኛ ክፍል መምህርቷ ምንታምር ከሥራ እንድትሰናበት ይላል። እሷ ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሩ ውጪ ባለው አግዳሚ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

*

ሰውዬው ሀብታም ነበር። መኪናዋን የወረሳት ከአባቱ ነው። ሞተሯ ጤነኛ፣ የፊት መብራቷም ጤነኛ። ከመኪናዋ ጋር አባቱን ሃያ ዓመት ያመላለሰውን ሹፌር አብሮ ወረሰ።

ሴት ልጁን ሊድር ተነሣ። ሙሽራዋ በአያቷ መኪና ትሄዳለች አለ። እስከዚህ ድረስ ክፋት የለበትም። ቀለም ቀቢ አስጠራ። ቀቢው መኪናዋን ወተት አስመሰላት። ሀብታሙ ዞር ዞር ብሎ አያትና የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን፣ ከፈተ።

«ውስጧስ?»

«ውስጡን ማን ያየዋል ጌታዬ?»

«ሰርገኛ ሁሉ ያየዋል። ከፍቼ ነው የማሳየው። ብሎኗ ሳትቀር ወተት ትሁን።»

ቀቢው የታዘዘውን አደረገ። አምፖሎቹን ነቀለ። ሽቦዎቹን ፈታ። ባዶ የነበረውን ብረት ሁሉ ሦስት ጊዜ ደራርቦ ቀባ። ሲደርቅ ሽቦዎቹን ከቀለሙ በላይ መልሶ አሰራቸው። ሀብታሙም ለሚስቱ፣ ለዘበኛው፣ ለሹፌሩ፣ በመኪናዋ ጥላ ለሚተኛው ውሻ ሳይቀር አንድ ሕግ አወጣ። ቀለሙን እንዳትነኩ።

በማግስቱ የፊት መብራቷ ደከመ።

*

አንድ ኤሌክትሪሺያን መጣ። እጁን ከማስገባቱ በፊት «ቀለሙን እንዳትነካ» ተባለ። አምፖሎቹን ቀየረ፤ ጉልበት ያላቸውን አስገባ። እንደ ሻማ በሩ። ሀብታሙ ሰድቦ አባረረው።

ሁለተኛው መጣ። ባትሪ ቀየረ። ያው ሻማ። እሱም ተሰድቦ ሄደ።

ሦስተኛው አዋቂ ነበር። ከኪሱ የመፈተሻ መብራቱን አወጣ። አንዱን ጫፍ የሚያስነክስበት ባዶ ብረት ፈለገ። ዞረ፤ ጎነበሰ፤ በጀርባው ተኝቶ ከሥር ገባ። አጣ። ሁሉም ወተት ነው።

«ጌታዬ፣ እዚህች ጋ ትንሽ ልፋቃት?»

«ፊትህን ልፋቅልህ?» አለው ሀብታሙ።

አዋቂው በሽታውን ጠርጥሯል፤ አልተናገረም። ዲናሞ ቀይሮ ሄደ። አዋቂም እንጀራ ይበላል።

ሀብታሙ ለጎረቤት ሁሉ አማረረ። «አገሩ ሙያተኛ አልቆበታል። አምፖሉም እንደ ሰዉ አስመሳይ ሆኗል። ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩት ቦግ ይላል፤ ቤት ሲገባ ይተኛል።»

*

«እውነቱን ነው» አለ ደርበው።

«ምኑ?»

«የሙያተኛው ነገር። የዛሬ ሙያተኛ እኮ...»

«አልጨረስኩም። አፍህን ያዝ።»

*

ሹፌሩ ያውቅ ነበር። አቅጣጫ ማመልከቻውን ባበራ ቁጥር የፊት መብራቶቹም አብረው ጥቅስ ጥቅስ ይሉ ነበር። እንዲህ የሚሆነው ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ ነው። ይህን ሁለተኛ ዓመት ላይ አስተምሬሃለሁ፤ ረስተኸዋል። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ይወጣል። በአምፖሉ ያልፋል። ከዚያ በመኪናዋ ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መሄዱ ብቻ አያበራም። ስለዚህ የመመለሻው ሽቦ የሚታሰረው ባዶ ብረት ላይ ነው። ብረት ለብረት። በመካከላቸው ቀለም ከገባ የዓለሙን ባትሪ ሁሉ ብትደረድር ሻማ ነው።

አምፖሉ ሲቀየር ሹፌሩ ለጌታው ነገረው። «ጌቶች፣ ከቀለሙ ወዲህ ነው።»

«አንተ ሹፌር ነህ። ንዳ።»

ባትሪው ሲቀየር ነገረው። «ጌቶች፣ ቀለሙ ነው።»

«መካኒክ አልቀጠርኩም። ንዳ።»

ዲናሞው ሲቀየር ለመነው። «ጌቶች፣ የሙሽራዋ መንገድ በጣርማ በር ተራራ ነው። እዚያ በቀትርም ጉም ነው። ልጅቷን እኔ ነኝ ትምህርት ቤት እያደረስኩ ያሳደግኋት። እባክዎ።»

ሀብታሙ መስተዋቱ ላይ የሌለ አቧራ እየጠረገ ነበር።

ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ፣ ሹፌሩ ብቻውን ወደ መኪናዋ መጠለያ ገባ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጎ አቆማት። የሁለቱም መብራቶች ሽቦ ተጠቃልሎ የሚታሰርበትን ብሎን ፈታ። ከብሎኑ ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀለም በቢላ ፋቀ። ብረቱ ብቅ አለ። ሽቦውን መልሶ አሰረ። መብራቱን ለኮሰ።

ግድግዳው ላይ የነበረች ምስማር ጥላ አወጣች። በዚያ በጠራራ ፀሐይ!

ሮጦ ጌታውን ጠራ። ጌታው መጣ። ግድግዳውን አላየም። ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ፈለገ፤ ያችን ጥፍር የምታህል ቦታ አገኛት። አንዳንድ ዓይን ጭረት ለማየት ብቻ የተፈጠረ ነው።

«ምን አደረግህ?»

«በራ ጌቶች! ግድግዳውን ይዩ!»

«ምን አደረግህ ነው የምልህ!»

በዚያው ዕለት ሹፌሩ ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ። ሃያ ዓመት፤ አንድ ፌስታል። ቀቢው ተጠራ። ብሎኑን ፈታ፤ ቦታዋን ቀባ፤ አደረቀ፤ መልሶ አሰረ። ሀብታሙ አጎንብሶ አያት። ወተት ሆናለች። ደስ አለው።

*

«ማስፈቀድ ነበረበት» አለ ደርበው።

«ማን?»

«ሹፌሩ። ሥርዓት አለ እኮ መምህር። ያለ ፈቃድ በሰው ንብረት ላይ ቢላ...»

«ሦስት ጊዜ ነገረው!» መምህር አጥላባቸው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ሦስት ጊዜ! ጆሮህን የት አስቀምጠኸው ነበር?»

ደርበው አንገቱን ደፋ። 

*

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ሹፌር የለም፤ ሀብታሙ ራሱ መሪውን ጨበጠ። ከመነሣቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ለሰርገኛው አሳየ። ሰርገኛው አጨበጨበ። አንዲት አክስት እልል አለች፤ ለብሎን። ሙሽራዋ ከነቬሏ ከኋላ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ትጠብቅ ነበር።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ወረደ። ሀብታሙ መብራቱን አበራ። የቀረውን የነገረኝ ዳገቱን ይወጣ የነበረ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። «ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ሲጋራ የሚያጨሱ መሰለኝ» አለኝ። «ሁለት የሲጋራ እሳት። ገለል ይላሉ ብዬ ጥሩምባ ነፋሁ። መኪና ነው ብዬ አላሰብኩም።»

ሙሽራዋን ለማውጣት በሩን በመጋዝ ቆረጡት። ያን ሁሉ ወተት።

*

«ሞተች?» አለ ደርበው።

«አሁን ነው በመኪናዋ ውስጥ ሰው መኖሩ ትዝ ያለህ? አልሞተችም። ቀኝ እግሯ ተቆረጠ። አባትየው ከንፈሩ ተሰፍቶ፣ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ? ‹እነዚያ አምፖሎች ናቸው ጉድ የሠሩን።›»

መምህር አጥላባቸው ወንበራቸውን ስበው ፊት ለፊቱ ተጠጉት።

«ደርበው፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ዞር አትበል፤ እኔን እየኝ። የመጀመሪያው መምህር ‹ከስልሳ ሁለቱ ተማሪዎች አርባው ማንበብ አይችሉም› ብሎህ ነበር። ‹ሪፖርታችንን እንዳታበላሽ› አልከው። ዝም አለ፤ ደበዘዘ። ሁለተኛው ‹ከሰዓት በኋላ ላስቀራቸውና ፊደል ላስቆጥራቸው› አለህ። ‹የስምንተኛ ክፍል ልጅ ፊደል ሲቆጥር ተቆጣጣሪ ቢያይ ምን ይላል?› አልከው። ሦስተኛው ገና ፊትህን ሲያይ ገባው፤ አፉን ሳይከፍት ደበዘዘ። አንተ እቅድ ትልካለህ፤ ትእዛዝ ትልካለህ። ከክፍሉ ወደ አንተ የሚመለሰውን ቃል ግን በየትም በኩል እንዳይገባ ቀብተህ ዘግተኸዋል። ከዚያ እኔ ጋ መጥተህ ጥሩ ሰው ከየት ላምጣ ትላለህ። ጥሩ ሰው አምጥተህ ነበር! አራት ጊዜ!»

«መምህር...»

«ምንታምር በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ ‹ልጆቻችሁ ማንበብ አይችሉም፤ ማታ ማታ አስነብቧቸው፣ እኔም ቅዳሜ እመጣለሁ› አለች። ፋቀችው። ወላጆቹ ቅዳሜ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ፤ ክፍሉ ሞላ። አንተ ክፍሉን አላየህም። ‹የትምህርት ቤቱን ስም አጎደፈች› ብለህ ይህን ወረቀት ጻፍክ። የተናገረችው ውሸት ነው?»

ደርበው ጫማውን አየ።

«ውሸት ነው ወይ?»

«ውሸት አይደለም። ግን አነጋገሯ...»

«አነጋገሯ! ሰኔ ላይ አርባ ልጆች ፈተና ፊት ይቀመጣሉ። ጥያቄውን ማንበብ አይችሉም። ጉም ውስጥ የምትነዳቸው አንተ ነህ፤ ከኋላህ ተቀምጠው ያምኑሃል፤ አንተ ስለ አነጋገር ታወራለህ። አልፈርምም።»

ደርበው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምክትልዎ ከፈረሙም ይበቃል ይላል ደንቡ» አለ።

«ይላል።»

«ቢሯቸው ናቸው።»

«ናቸው። ሁለት በር አልፈህ በስተግራ። እሷን የምታባርር ከሆነ፣ በእኔ እጅ አይሆንም።»

ደርበው ተነሣ። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣው። ሊያጥፈው ጀመረ፤ ተወው። በሩን ሲከፍት ምንታምር ከአግዳሚው ብድግ አለች። መጀመሪያ ያየችው ወረቀቱን ነው፤ ከዚያ ፊቱን።

«ነይ» አላት።

በሩ ከኋላው ተዘጋ። መምህር አጥላባቸው የሁለቱ እርምጃ ወደ ግራ ይታጠፍ እንደሆነ ለመስማት ጆሯቸውን ጣሉ።