ፈትታችሁ አሳድሩት

አንድ ሰው ነበር፤ በሞተር ሳይክል የቲማቲም ሣጥን ከማሳ ወደ ገበያ የሚያመላልስ። ሣጥኑን የሚያስረው በከመነዳሪ ነው፤ ከአሮጌ ጎማ ውስጥ ወጥቶ በተቆረጠ ላስቲክ። ታውቁት የለ? ሳብ አድርጎ ጥርቅም ነው!

የሥራ ባልደረቦቹ ሥራ ሲያበቁ ላስቲካቸውን ይፈቱታል። ይህ ሰው ግን አይፈታም። «ነገ መልሼ ለማስረው ምን አለፋኝ?» ይልና ባዶውን ሣጥን እንደጠፈረ ያሳድረዋል።

ሚስቱ ስንቅነሽ ትባላለች። የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን የባሏን እናት ታገላብጣለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች። «እናቴ ደክማለች አሉኝ፤ አንድ ሳምንት ሄጄ ልያት» ስትለው፣ «አንቺ እኮ እንደ ላስቲኬ ትለጠጫለሽ፤ ትንሽ ቻይው» ይላታል። ቤተሰቡ ይስቃል። እሷም ትስቃለች።

ለፋሲካ ጠየቀችው። «ከክረምቱ በኋላ» አላት። ከክረምቱ በኋላ ጠየቀችው። «ቲማቲሙ ይለቀምና።» ቲማቲሙ ሳይለቀም እናቷ ሞቱ። ቀብራ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች፤ አማቷን የሚያገላብጥ የለማ!

ከወራት በኋላ ከመነዳሪው አልይዝ አለው። ሣጥኑ መንገድ ላይ ተዘረገፈ። ሰውየው ላስቲኩን ወደ ሸጡለት ጎማ ጠጋኝ፣ ወደ ጋሽ ሌንጮ፣ ተናዶ ሄደ። «ይለጠጣል ብለውኝ አልነበር?»

«ተለጥጦልህ የለ?» አሉ ሽማግሌው። «የሚለጠጥ የሚባለው ግን ስለረዘመ አይደለም፣ ልጄ። ሲለቁት ስለሚመለስ ነው። አንተ መቼ ለቀቅኸው?»

ሰውየው ሞተሩን እዚያው ትቶ ወደ ቤቱ ሮጠ። «ስንቅነሽ፣ አገርሽ ሂጂ! ወር ቆዪ!»

ቀና ብላ አየችው። «ማን ጋ?» አለችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ምንኛ ደስ ባለው!

ወገኖቼ፣ በእናንተ ቤትስ? «እሷ ቻይ ናት» የምትሏት ማን ናት? «እሱ ይችለዋል» ብላችሁ የጫናችሁበትስ? ምስጋና መሰለን እኮ! እግዚአብሔር እንኳ ለመሬት የዕረፍት ዓመት ሰጥቷታል። እኛ ለሰው አንድ ሳምንት ነፈግን።

እኔም ብያለሁ። እኅቴን «አንቺ ትችያለሽ» እያልሁ ኖሬአለሁ። ዛሬ ይቅርታ ልጠይቃት ብል የለችም። ይቆጨኛል።

ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ «አይዞሽ፣ ቻይው» አትበሉ። «ሂጂ» በሉ። እናቷ በሕይወት ሳለች በሉ።