ድምፅ የሚመርጥ ልባስ

ጊዜው 1958 ዓ.ም. ነው፤ ክረምቱን ዝናቡ ሳያባራ ከረመ። በዚያ ዓመት ግራዝማች ወንድይራድ አንድ ትልቅ የናፍጣ የጭነት መኪና ገዙ። ሞተሩ ከተነሣ የሰው ድምፅ አያሰማም። ስለዚህ ጋቢናውን ከውስጥ በባና ብርድ ልብስና በቆዳ እንዲያለብስላቸው አንድ ኮርቻ ሠሪ አስጠሩ።

ሰውዬው ገበሬም ነበር። የግራዝማች ምስለኔ ድንበሩን ገፍቶ ካረሰበት ሦስት ዓመቱ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ደጃቸው ቆሞ «አቤት!» ቢል የሰማው አልነበረም።

ግራዝማች ጋቢናው ውስጥ ተቀምጠው፣ ከሞተሩ በላይ እየጮኹ፣ «ስማ አንተ!» አሉት። «የሞተሩ ጩኸት እንዳይገባ። በየመንገዱ አቤት የሚለው ሰው ድምፅም እንዳይገባ። እልልታው ግን አንድም ሳይቀር ይግባ። አልችልም ካልክ የቀረችህንም ማሳ ትለቃለህ!»

አሽከሮቹ ሳቁ። ሰውዬው ጋቢናውን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«እችላለሁ ጌታዬ» አለ። «እንዲህ ያለው ልባስ ግን በአገሩ ያለው እርስዎ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት አቤት ስል አላስገባኝም፤ ሴቶች ከጓሮ ሆነው እልል ሲሉ ግን አንድም አያመልጠውም። ከዚያ ላይ አንድ ክንድ ያህል ይቁረጡልኝና ዛሬውኑ አለብስልዎታለሁ።»

አሽከሮቹ መሳቅ ፈርተው መሬት መሬት አዩ። ግራዝማች ጆሯቸውን አሹ። ከዚያ ሾፌሩን «አጥፋው» አሉት፤ ሞተሩም ጠፋ። ወርደው ከሰውዬው ጋር እስከ ማሳው በእግራቸው ሄዱና፣ የድንበሩን ድንጋይ በገዛ እጃቸው ወደ ቦታው መለሱ።