ጋሽ ውበቱ ያነሡት ጽዋ

በእኛ ሰፈር አባት ስለ ልጁ ማውራት ሲያበዛ ከጎኑ የተቀመጠ ሰው በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል። እንግዳ ሰው ምቀኝነት ይመስለዋል። ምቀኝነት አይደለም፤ አንድ አባባል አለን፣ የመጣውም ከጋሽ ውበቱ ቤት ነው። ታሪኩን ባወራሁት ቁጥር ይደክመኛል፤ ግን ካልተነገረ አባባሉ ባዶ ነው።

ጋሽ ውበቱ ባለጋሪ ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ አንዲት ልጃቸውን መቅሊትን በዚያች ጋሪ አሳድገው ዩኒቨርሲቲ አስገቡ። ፈረሱም አረጀ፣ እሳቸውም አረጁ። የራሳቸው ጫማ ሲቀደድ ሰፍተው ይጫሙታል፤ የልጅቱ ወጪ ግን አንድም ወር አይጓደልም። እሷም እጇ አያርፍም። ዶርም ውስጥ የጓደኞቿን ፀጉር ስትሠራ ቆይታ፣ ካጠራቀመችው የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ገዛችና ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለ ፀጉር ቤት ጥግ ያዘች። ከዚያ ደወለች።

"አባዬ፣ ከእንግዲህ ምንም እንዳትልክልኝ። ራሴን ችያለሁ። አንተ ጫማ ግዛ።"

ጋሽ ውበቱ ስልኩን እንደያዙ አለቀሱ። እኔም አብሬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስንት ዓመት ሲለፉ አይቻለሁ።

ለሚካኤል ማኅበር ስንሰበሰብ ግን ወሬያቸው ሁሉ መቅሊት ሆነ። ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው ደግሞ ባሰባቸው። ጽዋ መረከቢያው ሲደርስ፣ ተረኛዋ እትዬ የሺመቤት ታመው አልጋ መያዛቸው ተነገረ። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሙሴው ጋሽ ሞላልኝ፣ "እንግዲህ የሚመጣውን ወር ማን ይደግሳል?" ብለው ሲጠይቁ ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። ኑሮው የታወቀ ነው።

ጋሽ ውበቱ ብድግ አሉ። "ልጄ ታነሣለች!"

"ኧረ ቀስ በል ውበቱ! ልጅቷን ጠይቀሃታል?" አሉ ጋሽ ሞላልኝ።

"ምን ትጠየቃለች? ራሷን የቻለች ልጅ እኮ ናት!"

እልል ተባለ፤ ጽዋውን ተቀበሉ። የመልአኩ ጽዋ ደግሞ አንዴ ከተነሣ አይመለስም።

ሲነጋ ጠላው ከራሳቸው ወረደና ያደረጉት ገባቸው። ለልጃቸው መንገር አፈሩ። ፈረሱን ለመሸጥ ገበያ አወጡት፤ ያንን አሮጌ ማን ይግዛ? በመጨረሻ ጎረቤት ደውሎ ነገራት።

መቅሊት ከትምህርቷ ቀርታ መጣች። አባቷን አልተቆጣችም። ጠላው ተጠመቀ፣ ዳቦው ተደፋ፣ ድግሱ አማረ። ሰው እየበላ "የተባረክሽ ልጅ!" ይላታል፤ እሷ ጠላ ትቀዳለች። ካስኩን ሸጣ መምጣቷን የሰማነው ሰዉ መበተን ሲጀምር ነው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ የነበራትን ጥግም ሌላ ሰው ይዞታል።

አባቷ አጠገብ መጥታ ቁጭ አለችና እግራቸውን አየች።

"አባዬ፣ ጫማውን ሳትገዛ ቀረህ?"

"እገዛለሁ፣ እገዛለሁ" አሉ፣ እግራቸውን ወደ መደቡ ሥር እየሰበሰቡ።

"ትንሽ ቆይ እሺ? አሁን አትግዛ።" አንገቷን ደፋች። "እስክቋቋም ድረስ... እንደ ድሮው ትልክልኛለህ?"

ለመሄድ ጋቢያቸውን ያጣፉት ጋሽ ሞላልኝ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሯል፤ በረጅሙ ተነፈሱና "አይ ውበቱ! ልጅ ራሱን ሲችል፣ አባት አፉን ይቻል" አሉ።