ዕርቅ የጠበቀ መንጋጋ

«የልጄ መንጋጋ ስንት ቀን ይታገሠኛል?»

እንዲህ ብለው የሚጨነቁት አንዲት አያት ናቸው። መልሱን አያውቁትም። ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ማስተዋል፣ ባሏ በቡጢ መትቷት፣ ፊቷ አብጦ፣ ጥርሶቿ አልገጥም ብለው እቤታቸው መጥታለች። ሆስፒታሉ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሊወስዷት ተነሡ።

ታዲያ ምን አስቀራቸው? የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ድረስ በር ላይ አገኟቸው።

«እትዬ ትርንጎ፣ ወዴት ነው? ሐኪም ካየው ነገሩ ፖሊስ ጋ ይደርሳል። ፖሊስ የገባበት ትዳር በሽማግሌ አይመለስም። በፋሲካ ማግስት እናስታርቃቸዋለን።»

«አጥንቱስ? አጥንት ቀጠሮ ያውቃል?»

«ወጌሻ ያስረዋል። ደግሞ ጾም ነው፤ አፏን ብትዘጋ ምን ቀረባት?» ብለው ሳቁ።

አያትየው አልሳቁም። ግን ተመልሰው ገቡ። ትዳሯ እንዳይፈርስ ሳሱላት። ጾሙ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ ቀጭን አጥሚት በማንኪያ እያንጠባጠቡ አቆዩዋት።

ቀጠሮው ደረሰ። ባልየው ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ማስተዋል ዝም አለች። ሽማግሌዎቹ «ዝምታ እሺታ ነው» አሉና መረቁ።

ሐኪም ያያት ከዚያ ወዲያ ነው። «በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብትመጡ ጥርሷን አጋጥመን እናስረው ነበር። አሁን ተጣሞ ይዟል። በቀዶ ሕክምና እንደገና መሰበር አለበት» አላቸው።

እንደገና መሰበር! የመጀመሪያውን ስብራት ያመጣው ባሏ ነው። ሁለተኛውንስ ማን አመጣባት?

ወገኖቼ፣ እናንተስ «ነገሩ ይብረድ» እያላችሁ ያስቀመጣችሁት ስብራት የለም? ነገር ይበርዳል። አጥንት ግን ሽማግሌ አይጠብቅም፤ በተጣመመበት ይይዛል። ዕርቅ መልካም ነው፣ ማን ይጠላዋል? ግን የተመታችውን ሳታነሡ ለመታው አትሩጡለት። «ሳስተንላት ነው» አትበሉ። እኒያም አያት ሳስተው ነበር!

ያቺ ልጅስ?

ከሐኪም በተመለሱ ማግስት አቶ ድረስ ሊጠይቁ መጡ። «እግዚአብሔር ይማርሽ፣ ልጄ። መቼም ትዳርሽን አትርፈንልሻል» አሏት።

አያትየው ቀና ብለው ሊያይዋት አቃታቸው። «ይቅር በይኝ፣ እናቴ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ማስተዋል ሐኪሙ ስለ ስብራቷ የጻፈውን ወረቀት ከጠረጴዛው አነሣች። ጫማዋን አጠለቀች። ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸውና፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ልትሄድ ከቤት ወጣች።